መስታወት ላይ የቀረው ባሕታዊ

ቤተ ክርስቲያናችን ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤት ወርደን ሻይ ስንጠጣ፣ አዲስ የመጣ ሰው አጠገቤ ይቀመጥና «እትዬ ዘውድነሽ፣ ሪታየር ከማድረግዎ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?» ይለኛል። «ወረቀት አጣቢ ነበርኩ» እላለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። ሳህን አጣቢ ያውቃሉ፤ ብዙዎቻችን እዚህ አገር የጀመርነው በእሱ ነው። ወረቀት ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ቆሻሻው ወጥቶ፣ ደርቆ እንደገና ሰው ፊት ይቀርባል ስላቸው ግን ትክ ብለው ያዩኛል።

ሥራዬን ያቆምኩት ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ ሥራውም ተለውጧል። አሁን አሮጌ ሥዕል ይዞ የሚመጣ ሰው የሚፈልገው ስካን ተደርጎ፣ እድፉ በኮምፒውተር ተነሥቶ፣ አዲስ ወረቀት ላይ ታትሞ እንዲሰጠው ነው። ያምራል፣ አልክድም። እኔ የኖርኩበት ሥራ ግን እሱ አይደለም። እኔ የኖርኩበትን ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል እሠራ ነበር። ባለቤቴ ስፖንሰር አድርጎኝ ቶሮንቶ ስመጣ ያንን ሙያዬን የሚጠይቀኝ አልተገኘም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ የካናዳ የሥራ ልምድ ነበር። በመጨረሻ ሬክስዴል፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሥዕል ፍሬም ፋብሪካ ገባሁ። ሱፐርቫይዘሬ ባልዴቭ የሚባል ረጅም ሰው ነበር። መስታወት መቁረጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። «አትፍሪ፤ መስታወት የሚቆርጠው የሚፈራውን ሰው ነው» ይለኝ ነበር። አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሁላችንም መቁረጫችንን አንሥተን እስኪያልፍ እንጠብቃለን።

ከደንበኞቻችን አንዱ ሚስተር ቬሬስ የሚባሉ የሃንጋሪ ሰው ነበሩ። ብሉር ጎዳና ላይ አሮጌ ኅትመትና ሥዕል የሚጠገንበት ሾፕ ነበራቸው። አንድ ቀን መስታወት ሊወስዱ መጥተው ትልቅ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሳሻግር አዩኝ። ወረቀቱን የያዝኩት በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖቹ ሆዱን ረገብ አድርጌ ነበር፤ ጥራዝ ክፍል የሠራ ሁሉ እንዲያ ነው የሚይዘው። «ይኼን የት ተማርሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ወር እሳቸው ዘንድ ተቀጠርኩ።

ሾፑ ከአንድ ጫማ ቤት ጀርባ፣ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ክፍል ነው። ሰብዌዩ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከእግራችን በታች ያልፋል። ባቡር ባለፈ ቁጥር መታጠቢያ ሳህኖቹ ውስጥ ያለው ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ ውሃው ውስጥ የተኛው ሥዕልም አብሮ የተነፈሰ ይመስላል። ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል።

ሚስተር ቬሬስ ዝምተኛ ነበሩ። አዲስ ሥራ ሲመጣ አይነኩትም። ጠረጴዛ ላይ ገልጠው ይተዉታል፤ አልፎ አልፎ ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። ሻጋታን፣ ሙጫን፣ ሲጋራ የሚጨስበትን ቤት በማሽተት ይለዩ ነበር። ከሁሉም የሚገርመኝ ልማዳቸው ግን ፊት መሸፈናቸው ነው። ሥዕሉ ላይ ሰው ካለ ትንሽ ነጭ ወረቀት ቆርጠው ፊቱ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሥራው እስኪያልቅ አያነሷትም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ፊት ይስብሻል» አሉኝ። «ፊቱን እያየሽ ስትሠሪ ማዕዘኑን ትረሺዋለሽ። መጀመሪያ ወረቀቱን እዪ፤ ሰውየውን በኋላ ታገኚዋለሽ።»

እውነት ነበራቸው። እኔም ለመድኩት፤ ብዙ ዓመት እንደሳቸው ሠራሁ።

ከሁሉ ይበልጥ እጃችን የሚገባው የባሕታውያን ሥዕል ነበር። አንድ አሮጌ ሥዕል ሰብሳቢ እነሱን ብቻ ያሳድዳል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ እኛ ያመጣል። ከሦስት መቶ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ፈረንጆቹ ገዳማውያንን በኤቺንግ ማተም ይወዱ ነበር። ኤቺንግ ማለት እንዲህ ነው፦ ሠዓሊው የመዳብ ሰሌዳ ሰም ይቀባና በመርፌ እየጫረ ይስልበታል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። የተበላው ቦታ በቀለም ይሞላና እርጥብ ወረቀት ላይ ይጨመቃል። ሰሌዳው በታተመ ቁጥር ይደክማል። ቀድሞ የሚደክመው ቀጭኑ መስመር ነው፤ ቀጭኑ መስመር ያለው ደግሞ ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ከዚያው ሰሌዳ የታተመውን ስታዩት ዛፉ፣ በዓቱ፣ አጠገቡ የተቀመጠው የሙት ራስ ቅል ሁሉ በቦታው ሆኖ የባሕታዊው ፊት ባዶ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ሰው የቀዳው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቀጂው እንዳየው ይጭራል፤ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ዋናው ላይ ወደ ቀኝ የሚመለከተው ባሕታዊ ቅጂው ላይ ወደ ግራ ይመለከታል። ከቅጂው የተቀዳው ተመልሶ ወደ ቀኝ ይዞራል። ቁራው ይወፍራል፤ የዋሻው አፍ ይጠብባል። ሁሉንም ታጥበው እንዲደርቁ ጎን ለጎን ስናሰጣቸው፣ አንድ ሰው ዞር ባልን ቁጥር አንገቱን እየመለሰ የሚያየን ይመስል ነበር። ፊታቸው ላይ ነጭ ወረቀት ሲኖር ደግሞ ይብሳል።

እኔ ጴንጤ ነኝ። የቅዱሳን ሥዕል ቤቴ ሰቅዬ አላውቅም። እናቴ ግን የአባ ጳውሊን ታሪክ ትነግረን ነበር፤ በረሃ ውስጥ ብቻውን ኖሮ ቁራ ግማሽ እንጀራ እያመጣ የመገበውን። ስለዚህ ቁራ ያለበት ሥዕል ሲመጣ ስሙን ሳልጠየቅ አውቀዋለሁ። አላመልከውም፣ አልፈራውምም እያልኩ እሠራለሁ። ምሳ በልቼ ብቻዬን ስመለስ ግን መብራቱን ሁሉ አበራ ነበር።

ሚስዝ ፋሪያ የመጡት በረዶ መጣል በጀመረበት ሰሞን ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ የፖርቱጋል ደሴቶች ሰው ናቸው። በፎጣ የተጠቀለለ ፍሬም ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አባ ጳውሊ ነው፤ ቁራውም አለ። ከደከመ ሰሌዳ በኋለኛው ዘመን የታተመ፣ ገበያ ላይ ብዙ ዋጋ የሌለው ኅትመት ነው። በመካከል ክርታስ ሳይገባ መስታወቱ በቀጥታ ወረቀቱን ተጭኖታል። ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል።

«ምን እንድናደርግልዎት ይፈልጋሉ?» አሏቸው ሚስተር ቬሬስ።

«ይጽዳልኝ። ዓይኔ ሳይጠፋ በደንብ ልየው።»

ሌላ አልተናገሩም። ከወጡ በኋላ ፍሬሙን ፈታን። መስታወቱን እንደነበረ በወረቀት ጠቅልዬ የኋላ በር አጠገብ፣ ማሞቂያ በሌለበት ጠባብ ክፍል አስቀመጥኩት። ከዚያ ሥዕሉን አየሁት። አካሉ የሽማግሌ ነው፤ ጎድን አጥንቱ የተቆጠረ፣ ፂሙ እስከ ደረቱ የወረደ። ፊቱ ግን የወጣት ነበር። ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ ግን ጉንጩ ሙሉ፣ ዓይኑ ትንሽ የተራራቀ፣ ሊስቅ ያለ የሚመስል።

«ሚስተር ቬሬስ፣ ይኼ ሽማግሌ እኮ ፊቱ የልጅ ነው» አልኳቸው።

«ቀጂዎች ከዚህ የባሰ ይሠራሉ» አሉና እንደ ልማዳቸው ነጭ ወረቀቷን ፊቱ ላይ አኖሩ።

ከመታጠቡ በፊት ፎቶ አነሣነው። ወረቀቷ ላዩ ላይ እንዳለች ነበረች። ከዚያ ቀለሙ ውሃ ይችል እንደሆን ሞከርነው። ሚስተር ቬሬስ እርጥብ የጥጥ ጫፍ ድንጋዩ ላይ፣ ቁራው ላይ፣ የዛፉ ግንድ ላይ አሳረፉ። ጥጡ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። የኅትመት ቀለም ዘይት አለበትና ውሃ አይበግረውም። ሁሉ ደህና ነበር።

ወረቀቱን በስስ ጨርቅ ላይ አስተኝተን እሳቸው በአንድ ወገን እኔ በሌላው ወገን ይዘን ወደ ሳህኑ አወረድነው። ሚስተር ቬሬስ በመጨረሻዋ ሰዓት ወረቀቷን ከፊቱ ላይ አነሡ። ወጣቱ ፊት ከውሃው ሥር ቀና ብሎ አየን። ቢጫው ቆሻሻ ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከፊቱ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ክር ወደ ላይ ተነሣ። ከዚያ ሌላ ክር። ያን ጊዜ ባቡር አለፈ፤ ውሃው ተንቀጠቀጠ፤ ክሮቹ ተበተኑ።

«አውጪው» አሉኝ።

አወጣነው። ፊቱ ባዶ ነበር። ፂሙ አለ፣ ጆሮው አለ፣ በመካከሉ ያለው ቦታ ከወረቀቱ ሁሉ ነጥቶ ንጹሕ ሆኗል። ሚስተር ቬሬስ ማጉያ መነጽራቸውን አምጥተው ብዙ ጎነበሱ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «በብዕር የተሣለ ነበር» አሉ። «ሰሌዳው ፊቱን ሳያትመው ቀርቶ፣ አንድ ሰው በኋላ በቀለም ሞልቶታል። እኔ ሸፈንኩት። ሸፍኜው አላየሁትም።»

ሌላ ሰው ቢሆን በእኔ ወይም በወረቀቱ ያመካኝ ነበር። እሳቸው በዚያው ሰዓት ራሳቸው ለሚስዝ ፋሪያ ኮል አደረጉ። ሴትዮዋ በማግስቱ ሲመጡ ቆመው ጠበቋቸው። ሥዕሉን አሳይተው፣ ምን እንደሆነ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

ሚስዝ ፋሪያ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ወንድሜ ነው» አሉ። «ቶሜ። ዓሣ ሊያጠምድ በጀልባ ወጥቶ አልተመለሰም። ፎቶ የሚባል ነገር እኛ ቤት አልነበረም። እናቴ ፊቱ የጠፋ ይኼን ቅዱስ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ነበር። አንድ ቀን ብዕር አምጥታ ልጇን ሣለችበት። ይመስለው ነበር። በጣም ይመስለው ነበር።»

«ለምን አልነገሩን?» አልኩ፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ቄሱ ተቆጥተዋት ነበር። ቅዱስ ላይ ሰው ሣልሽ ብለው። ቤታችን ሲመጡ ሥዕሉን ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች። እናንተም የተማራችሁ ሰዎች ናችሁ፤ እንዳትስቁባት ብዬ ነው።»

አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። ያ ነው የከበደኝ። ሚስተር ቬሬስ «ላሠራልዎት እችላለሁ፤ ጥሩ ሠዓሊ...» ብለው ሲጀምሩ ሴትዮዋ በእጃቸው አስቆሟቸው። «ማንን አይቶ ይሥላል?» አሉ። ሥዕሉን ሳይወስዱ ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሚስተር ቬሬስ ፊት መሸፈን ተዉ። መሥራትም የተዉ ያህል ነበር። እየመጡ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ባዶ ፊት ያለውን አባ ጳውሊን ከፊታቸው ዘርግተው ያያሉ። «ቤት ሄደው ይረፉ» ስላቸው «እሺ ዙዲ» ይላሉ፣ ስሜን አሳጥረው የሚጠሩኝ እንዲያ ነው፤ አይሄዱም።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። ብርዱ በጠናበት አንድ ጠዋት ፍሬሙን አሰናድቼ ለሴትዮዋ ልመልስ ብዬ የኋላውን ክፍል ከፈትኩ። መስታወቱን ከመጠቅለያው አውጥቼ ወደ ሞቀው ክፍል ይዤው ገባሁ። የበረደ መስታወት ሙቅ ቤት ሲገባ ጭጋግ ይለብሳል። ይህም ለበሰ። ጭጋጉ ግን እኩል አልነበረም። በመጀመሪያ የዋሻው አፍ ታየኝ። ከዚያ ዛፉ። ከዚያ ቁራው። ሁሉም ተገልብጦ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። በመጨረሻ ጎድን አጥንቱ የተቆጠረው ሰውዬ ከመስታወቱ ውስጥ ብቅ አለ፤ ፊቱ ነበረው። ጉንጩ ሙሉ፣ ዓይኑ የተራራቀ። ወደ እኔ ነበር የሚያየው።

«በኢየሱስ ስም» አልኩ። መስታወቱን ያልጣልኩት እጄ ስለደረቀ ብቻ ይመስለኛል። ሚስተር ቬሬስ ድምፄን ሰምተው ሲመጡ ጭጋጉ መድረቅ ጀምሮ ነበር። ፊቱን አዩት፤ በዓይናችን ፊት እየሳሳ ጠፋ። መስታወቱ ተራ መስታወት ሆነ።

ቆይተው ምክንያቱን አስረዱኝ። ወረቀቱ መስታወቱን ተጭኖ ለብዙ ዓመት ሲኖር፣ ከቀለሙና ከወረቀቱ የሚወጣው ነገር በእርጥበት እየታገዘ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። በባዶ ዓይን አይታይም። ጭጋግ ሲያርፍበት ግን ጭጋጉ እዚያ ቦታ ላይ በሌላ መልክ ይቀመጣል። ምክንያቱን ሰማሁ፣ አመንኩም፤ ክንዴ ላይ የቆመው ፀጉር ግን አልተኛም።

ፎቶ ልናነሣው ሞከርን። እኔ እተነፍሳለሁ፣ እሳቸው ያነሣሉ። ጭጋጉ ቶሎ ይደርቃል፤ ካሜራው የሚይዘው ደግሞ ነጸብራቁን ነው። ፎቶዎቹን ስናያቸው በዓቱ አለ፣ ድንጋዩ አለ፤ በባሕታዊው ፊት ቦታ ላይ ያለው የእኔ ፊት ነበር። ሚስተር ቬሬስ ካሜራውን አስቀመጡት።

«ይብቃ ዙዲ። እያንዳንዱ ትንፋሽ ጥቂት ይወስድበታል» አሉ።

ሚስዝ ፋሪያ ተጠርተው መጡ። ሚስተር ቬሬስ መስታወቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «እዚህ ላይ ይተንፍሱ» አሏቸው። ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው ተነፈሱ። ፊቱ መጣ። ጠፋ። ደግመው ተነፈሱ። «ቶሜ» አሉ፤ የጠፋ ሰው ገበያ መካከል ድንገት ሲገኝ እንደሚጠራው ዓይነት፣ ቀስ ብለው። ከዚያ እጃቸውን በሚስተር ቬሬስ ክንድ ላይ አሳረፉ። ሥዕሉንም መስታወቱንም ወሰዱ።

ሚስተር ቬሬስ ከዚያ ክረምት በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ሾፑን ለሌላ ሰው ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ። እኔ ከአዲሱ ባለቤት ጋር ቀጠልኩ። ስካነሩ ገባ፣ ትልቁ ማተሚያ ገባ። ሰብሳቢውም ባሕታውያኑን አስባዝቶ ዋናዎቹን ሸጠ። በማሽን የተባዙት ወረቀቱ ላይ ያለውን የዝንብ ነጠብጣብ እንኳ ሳይቀር ይዘውታል። ብቻዬን ከእነሱ ጋር ስሆን አልፈራም ነበር። ለምን እንደማልፈራ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሥራ ላቆም ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የሚስዝ ፋሪያ የእህት ልጅ ደወለችልኝ። «አክስቴ እርስዎን ትፈልጋለች» አለችኝ። ክሬሰንት ታውን ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች አንዱ ውስጥ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ነው የሄድኩት። ሊፍቱ ውስጥ ልጆች ኳስ ይዘው ይሳሳቃሉ። ሚስዝ ፋሪያ መስኮት አጠገብ አልጋ ላይ ናቸው። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ባዶ ፊቱ አባ ጳውሊ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መስታወቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ነበር።

«በየዓመቱ በጠፋበት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምተነፍስበት» አሉኝ። «ሚስተር ቬሬስ እንዳስጠነቀቁኝ። ዘንድሮ ሞከርኩ፤ ትንፋሼ አልበቃም። ይቺ ልጅ ደግሞ ትፈራለች።»

የእህታቸው ልጅ በር ላይ ቆማለች። አላስተባበለችም።

መስታወቱን ተቀበልኳቸው። የሥዕል አፍ እስትንፋስ የለውም እየተባለ የተሰበከልኝ ሴት ነኝ። ጎንበስ ብዬ ተነፈስኩ። በዓቱ መጣ፣ ዛፉ መጣ፤ ከዚያ ልጁ መጣ፤ ሳስቷል፤ ግን እሱ ነው። ለሴትዮዋ ወደ ብርሃኑ አዞርኩላቸው። በቋንቋቸው ጥቂት ቃል ተናገሩት። ደረቀ።

«እንደገና» አሉኝ።

«ሚስዝ ፋሪያ፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ ይወስድበታል። ልናስቀምጠው ይገባል።»

«ለማን?» አሉኝ።

ዘወር ብዬ የእህታቸውን ልጅ አየሁ። ዓይኗን ወደ ወለሉ ሰበረች። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ነገር እንዳይጠፋ ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ ለማን እንደሆነ ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ተነፈስኩ። መጣ፣ ጠፋ። ደግሜ ተነፈስኩ። እሳቸው እያዋሩት እኔ እየተነፈስኩ ቆየን። ፀሐዩ ከአልጋው ወደ ግድግዳው ተሻገረ። በመጣ ቁጥር ትንሽ እየራቀ ይመጣ ነበር፤ መጀመሪያ ፈገግታው፣ ከዚያ ጉንጩ፣ በመጨረሻ ዓይኖቹ ብቻ። ከዚያ ተነፈስኩ፤ ጭጋጉ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር እኩል ሸፈነው።

ሚስዝ ፋሪያ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ሄደ» አሉ። ከዚያ የእህታቸውን ልጅ ጠርተው መስኮቱን እንድትከፍትላቸው ጠየቋት።